የሚወሰድ ምግብ በምን ይታሸግ? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠሩ ምግብ ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በጀሞና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ምሳ የሚሸጡ ቤቶች በርካታ ናቸው፤ ከእነሱ ከሚገዙት ሰዎችም ብዙዎቹ ምግቡን እዚያው አይበሉትም። የግንባታ ሠራተኛው ወደ ሥራ ቦታው፣ ከሥራ የምትመለሰው እናት ወደ ቤቷ ይዘውት ይሄዳሉ። ሽሮው በፌስታል፣ ፍርፍሩ በስታይሮፎም ሳህን፣ ጁሱ በሃይላንድ ተሞልቶ ይወጣል። መያዣው የሚያገለግለው ምግቡ እስኪበላ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቦይ፣ በሜዳና በወንዝ ዳር ለዓመታት ይቀመጣል።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች የምግብ መያዣን እንዴት መምረጥ፣ መፈተሽና መግዛት እንዳለባቸው፣ ያገለገለውንም እንዴት ለይተው እንደሚያስረክቡ ያስረዳል። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መያዝ አለበት። መያዣው የሚገዛው ከመርካቶ ቢሆንም ምርጫው መጀመር ያለበት ከቁራሌውና ከጽዳት ማኅበሩ ነው። በዕቃው ላይ «ሪሳይክል ይደረጋል» ወይም «ይበሰብሳል» ተብሎ የታተመው ቃል እውነት የሚሆነው በእርስዎ ሰፈር ያንን ዕቃ የሚረከብና ወደሚገባው ቦታ የሚያደርስ ሰው ሲኖር ነው። ተረካቢ የሌለው መያዣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ፣ ጽሑፉም ምንም ያህል ቢያምር ቆሻሻ ነው።

ሕጉና የሚመለከትዎ አስተዳደር

ፌስታልን የሚመለከት ሕግ በአገራችን አዲስ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ አግዶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስሱ ፌስታል ለብዙ ዓመታት ከገበያ ሳይጠፋ ቆየ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ግን ከዚያ አልፎ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ከልክሏል፤ የጣሰውም በገንዘብ ይቀጣል። ስለዚህ ወጥ በፌስታል ቋጥሮ መሸጥ የሕግ ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው፤ «ደንበኛው ራሱ በፌስታል አድርጊልኝ ብሎኝ ነው» የሚለው ምክንያትም ሻጩን ከተጠያቂነት አያድነውም።

በከተማዋ ዳር የሚሠራ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አዋጁ የፌዴራል በመሆኑ በሁሉም አካባቢ ይሠራል፤ ነገር ግን ዝርዝር መመሪያ የሚያወጣው፣ ቁጥጥር የሚያደርገውና ቆሻሻ የሚያነሳው አካል ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የሚዋሰኑት የለሚ ኩራ፣ የየካ፣ የኮልፌ ቀራኒዮና የአቃቂ ቃሊቲ ወረዳዎች ደግሞ በአዲስ አበባ ሥር ናቸው። አንዳንዴ ምግብ ቤቱ በአንዱ፣ ደንበኞቹ በሌላው አስተዳደር ውስጥ ይገኛሉ። የንግድ ፈቃድዎን የሰጠዎትን ጽሕፈት ቤትና የወረዳዎን የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደው ይጠይቁ። ጥያቄዎ ሁለት ይሁን፤ አንደኛ፣ በአሁኑ ጊዜ በግልጽ የተከለከለው መያዣ የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ ለይቼ ባስቀምጥ የተለየውን ለይቶ የሚወስድልኝ ማነው? የሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ለዕለት ሥራዎ ይጠቅምዎታል።

አዋጁ በቀጥታ ያነጣጠረው በፌስታል ላይ ሆኖ ሳለ ስለ ሳህንና ኩባያ ማውራት ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ይኖራል። ሌሎች ከተሞችና አገሮች የሄዱበትን መንገድ ማየት መልሱን ይሰጣል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ፌስታልን ከልክላ በ2019 ክልከላውን ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ወደሚውሉ ሌሎች የፕላስቲክ ዕቃዎች አስፍታዋለች። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የስታይሮፎም የምግብ መያዣና ኩባያ ለገበያ እንዳይቀርብ አድርጓል። የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ደግሞ በ2009 መጀመሪያ ስታይሮፎምን አግዳ፣ ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ምግብ የሚታሸግበት የአንድ ጊዜ ዕቃ ሁሉ ወይ ሪሳይክል የሚደረግ ወይ ወደ ኮምፖስት የሚለወጥ እንዲሆን አስገደደች፤ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ ሹካና ስትሮ አመቺ ምትክ እስኪገኝላቸው ጊዜ ተሰጥቷቸው በ2018 በደንቡ ውስጥ ገቡ። ከሲያትል ደንብ መወሰድ ያለበት ቁም ነገር ለእኔ ከዕገዳው በላይ አሠራሩ ነው። ምግብ ቤቱ መያዣውን ከመለወጡ ሌላ የመለያ ገንዳዎችን በደንበኛው ፊት እንዲያስቀምጥና የሚያነሳለት ድርጅት እንዲኖረው ይገደዳል፤ «ይበሰብሳል» የተባለ ሳህንም ተቀባይነት የሚያገኘው በአካባቢው ያለው ኮምፖስት ማምረቻ የሚቀበለው ዓይነት ሲሆን ነው። ከተማችን ነገ ተመሳሳይ ደንብ ብታወጣ ዛሬ ተረካቢውን አውቆ የገዛ ሰው ምንም አይጎዳበትም።

ተረካቢውን ይለዩ

በዳርቻ ሰፈሮች ያገለገለ መያዣ የሚሄድባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ቁራሌው ዋጋ ያለውን ይገዛል፤ የጽዳት ማኅበሩ የቀረውን ወስዶ ገንዳ ውስጥ ይጨምራል፤ አትክልት የሚያለማ ጎረቤት የሚበሰብሰውን ሊወስድ ይችላል፤ ከብት የሚያደልብ ሰው ደግሞ የምግብ ትርፍራፊውን ብቻ ይፈልጋል። ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው ጋር መያዣውን በእጅ ይዞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በቱሉ ዲምቱ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ያየሁት ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ባለቤቷ በጆንያ ያጠራቀመችውን ስትዘረግፍለት ቁራሌው ጎንበስ ብሎ ሃይላንዱን ወደ አንድ ጎን፣ የዘይት ጀሪካኑን ወደ ሌላው ጎን ለየ፤ ክዳን ያላቸውን ጠንካራ ሳህኖች ገልብጦ ከሥራቸው ያለውን ምልክት አየና አብሮ አስቀመጣቸው። የስታይሮፎሙን ክምር ግን መልሶ ወደ እሷ ገፋው። «እትዬ፣ ይሄን ብወስደውም የሚገዛኝ የለም፤ ሚዛን አይደፋም» አላት። ስታይሮፎም አብዛኛው ይዘቱ አየር ስለሆነ ቦታ ይይዛል እንጂ ክብደት የለውም፤ በኪሎ ለሚሸጥ ሰው አይረባም። ያ ክምር ወደ ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ ቆሻሻ ማከማቻ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ቁራሌው ያየው ምልክት በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። 1 ቁጥር የውኃና የለስላሳ ሃይላንድ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ 2 ቁጥር ጀሪካንና የወተት ጠርሙስ ነው፤ 4 ቁጥር ፌስታልና ስስ መጠቅለያ ነው፤ 5 ቁጥር ክዳን ያለው፣ ሙቀት የሚችለው ጠንካራ የምግብ ሳህን ነው፤ 6 ቁጥር ስታይሮፎምና ተሰባሪው ፕላስቲክ ነው። 7 ቁጥር የተቀላቀለና ሌላ ማለት ስለሆነ ምን እንደሆነ ካልተነገረዎት ባይገዙት ይሻላል። የሰፈርዎ ቁራሌ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚገዛ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉት፤ የመርካቶ ግዢዎን የሚመራዎት ይህ ወረቀት ነው። ሁሉም ቁራሌ አንድ ዓይነት ዕቃ አይገዛም፤ ዋጋውም እንደ ገበያው ስለሚለዋወጥ ጥያቄውን በየጊዜው መድገም ያስፈልጋል።

የማከማቻውን ነገር እንደ ቀላል ማለፍ አይገባም። የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረበት ረጲ፣ ብዙዎቻችን ቆሼ የምንለው ቦታ፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ከዚያ ክምር ላይ የሚጨመረው ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ሲሆን፣ የምግብ ትርፍራፊው በፌስታል ተቋጥሮ ሲጣል አየር ሳያገኝ እየበሰበሰ ጋዝ ያመነጫል። በዳርቻ ሰፈሮች ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ከብቶች በየሜዳው ይሰማራሉ፤ ወጥ የነካው ፌስታል ለላም ምግብ ይመስላታል። የዋጠችው ፕላስቲክ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ በጨጓራዋ ውስጥ እየተጠራቀመ ያከሳታል፣ ሲብስም ይገድላታል። የጎረቤትዎ ላም የሚበላው ፌስታል ከእርስዎ ቤት የወጣ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ሥራን በቁም ነገር ለመያዝ ይረዳል።

ምግቡን በባሕርዩ መመደብ

ለሁሉም ምግብ አንድ መያዣ መፈለግ ወጪ ያበዛል። ከምግብ ዝርዝርዎ ላይ ሰዎች ይዘው የሚሄዱትን ብቻ አውጥተው በደረቅ፣ በዘይታማ፣ እንጀራ ባለበትና በፈሳሽ ይመድቡት።

ደረቁና ዘይታማው ቀላል ናቸው። ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ብስኩት፣ ዳቦና ቆሎ በካኪ ወረቀት ይበቃቸዋል። በአሮጌ ጋዜጣና በደብተር ወረቀት መጠቅለል ግን ይቅር፤ ቀለሙ በዘይትና በሙቀት ወደ ምግቡ ይሄዳል። «እርጥብ» የሚባለውን፣ ድንችና ቲማቲም የገባበትን ዳቦ የሚሸጡ ሰዎች ድንቹና ቲማቲሙ ወረቀቱን እንዳይበሳው ካኪውን ደርበው ማጠፍ ይችላሉ፤ ከተገዛ ብዙም ሳይቆይ ስለሚበላ ይህ ይበቃዋል። ዘይት የጠጣ ወረቀት ለወረቀት ፋብሪካ አይሆንም፤ ውስጡ ፕላስቲክ ያልተለጠፈበት ከሆነ ግን ለኮምፖስት ጥሩ ነው።

እንጀራ ያለበት ምግብ ብዙ ምክር ይፈልጋል፤ በጾም ወራት በብዛት የሚወሰደው በያይነቱ ስለሆነም ሊታሰብበት ይገባል። ትኩስ እንጀራ ተዘግቶ ሲቀመጥ ያልበዋል፤ ላቡ ወረቀቱን አርሶ ይቀደዋል። መፍትሔው የተዘጋጀ እንጀራ በርዶ እንዲጠቀለልና በወጡና በወረቀቱ መካከል ሌላ ነገር እንዲገባ ማድረግ ነው። ለዚህ የኮባ ቅጠልን የሚስተካከል አላየሁም። ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ ሴቶች ከገበያ የሚገዙት ኮባ ለዚህም ይሆናል። ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ በሁለቱም ገጽ ይጠቡት፣ የመሐል አጥንቱን ይቁረጡለት፣ ከዚያ ጭስ በሌለው እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ እያሳለፉ ያለብልቡት። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሲያብረቀርቅ ለስልሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። እንጀራውን በላዩ ዘርግተው፣ ወፍራም የሆኑትን ወጦች ማለትም ጎመኑን፣ ድንች አልጫውንና ምስሩን ከመሐል አድርገው፣ እንጀራውን በወጦቹ ላይ አጥፈው ቅጠሉን ያልብሱት፤ ሁሉንም በካኪ ከረጢት ይክተቱት። ደንበኛው ሲጨርስ የሚቀረው ቅጠልና ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱም ይበሰብሳሉ። ቅጠሉ ቢበዛ በማግስቱ ስለሚደርቅ የዕለቱን ብቻ ማዘጋጀት ይገባል።

ፈሳሹ ከሁሉም ያስቸግራል። ሽሮ፣ ቅቅልና ቀጠን ያለ ወጥ ሳያፈስ የሚይዝ ወረቀት ሁሉ ማለት ይቻላል ውስጡ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሁንና እየተንተከተከ የሚቀዳ ዘይታማ ወጥ ስስ ፕላስቲክን ያለሰልሳል፣ የሙቀትና የዘይት መደራረብም ከፕላስቲኩ ወደ ምግቡ የሚሸጋገረውን ነገር ያበዛል። ስለዚህ ለፈሳሽ ምግብ የምመክረው አንደኛ ደንበኛው ራሱ የሚያመጣውን ምሳ ዕቃ፣ ሁለተኛ በማስያዣ የሚሰጥ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ሦስተኛ ቁራሌው እንደሚገዛው የተረጋገጠ 5 ቁጥር ሳህን ነው። አልሙኒየም ፎይል ታጥቦ ቁራሌው ከተቀበለው መጥፎ አይደለም፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቲማቲም የበዛበትን ምግብ ግን ለረጅም ሰዓት በፎይል አያቆዩ፤ ኮምጣጣ ነገር አልሙኒየሙን ይበላዋል።

ለቡና የሚሰጠው የወረቀት ኩባያ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ ስለተለበጠ ቁራሌውም አይወስደው፣ ኮምፖስትም አይሆን፤ በቤቱ ደጃፍ ለሚጠጣ ሰው ስኒ ይበቃል። ማንኪያና ሹካም ሩዝ ወይም ፓስታ ለገዛና ለጠየቀ ሰው ብቻ ይሰጥ።

ሻጩ የሚለውን መፈተሽ

መርካቶ ውስጥ «ኢኮ» ወይም «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሞልቷል። በጅምላ ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ናሙና ወስደው በራስዎ ወጥ ቤት መፈተሽ ይችላሉ፤ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም።

የወረቀት ዕቃን ቀድደው ጠርዙን ይመልከቱ። ወረቀቱ ተቀድዶ ሲያበቃ አብሮ የሚሳብና የሚለጠጥ ስስ ነገር ከታየ ፕላስቲክ ነው። ካልታየዎት ቁራጩን በውኃ ነክረው ያሳድሩትና ጠዋት በጣትዎ ይሹት፤ ወረቀቱ ተፈርፍሮ ሲሄድ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን በእጅዎ ላይ ከቀረ ያ ዕቃ ወደ ኮምፖስት መግባት የለበትም። ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የተሠራ ነጭ ሳህን ሲቀርብልዎ ደግሞ የሞቀ ዘይት ጠብታ ያድርጉበት። ዘይቱ ጨርሶ ሳይሰርግ እየተንከባለለ ከቆየ፣ ዘይት እንዳያስገባ በኬሚካል የታከመ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ ሲውሉ የቆዩት ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች በአፈርም በሰውነትም ውስጥ በቀላሉ የማይጠፉ በመሆናቸው፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ከእ.ኤ.አ. 2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከዕፅዋት ቃጫ በተሠራ የምግብ ማሸጊያ ውስጥ ሆን ተብለው እንዳይጨመሩ ከልክሏል። የጠብታው ፈተና ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሻጩን የአምራቹን ማስረጃ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ማስረጃ ሲቀርብልዎ የሚፈልጉት «ኢኤን 13432» (EN 13432) ወይም «ኤኤስቲኤም ዲ6400» (ASTM D6400) የሚል የደረጃ ስም ነው። እነዚህ ደረጃዎች አንድ ዕቃ በኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ በሦስት ወር ገደማ ተፈርፍሮ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ከአሥር በመቶ በላይ እንዳይቀር፣ በስድስት ወር ውስጥም አብዛኛው ወደ ጋዝ፣ ውኃና ብስባሽ እንዲለወጥ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ግን በደንብ መታየት ያለበት ጉዳይ አለ። ፈተናው የሚካሄደው በ58 ዲግሪ አካባቢ ሙቀቱን ጠብቆ በሚቆይ ትልቅ ማምረቻ ሁኔታ ነው። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራውና ፒኤልኤ የሚባለው ብርጭቆ መሰል ኩባያ ይህን ፈተና ያልፋል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በእኛ ደጋ፣ በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ግን ዓመት አልፎትም እንዳለ ሊገኝ ይችላል። በመልኩ ከሃይላንድ ስለማይለይም ከሃይላንድ ጋር ተቀላቅሎ የቁራሌውን ዕቃ ያበላሻል። ስለዚህ ማስረጃው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ዕቃው ለሰፈርዎ የማይሆን ሊሆን ይችላል።

በአንዳንድ ፌስታሎች ላይ «ኦክሶ» የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ በፀሐይና በሙቀት ወደ ትናንሽ ቁርጥራጭ እንዲሰባበር ማጣደፊያ የተጨመረበት ነው፤ ተሰባብሮ ከዓይን ይጠፋል እንጂ በአፈር ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ከስታይሮፎሙ ጋር አብሮ ያገደው ይህንን በማወቅ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አይግዙ።

ግዢና ዋጋ

ዋጋውን በጥቅል ሳይሆን በአንድ ምግብ ያስሉት። አንድ የኮባ ቅጠል ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ አንድ ጥቅል ካኪ ስንት ከረጢት እንደሚወጣው ይቁጠሩና የመያዣውን ዋጋ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ከምግቡ ለይተው ይጻፉት። «ዕቃ ይዞ ለመጣ ይህን ያህል ይቀነሳል» የሚል አንድ መስመር ከረጅም ትምህርት ይልቅ ደንበኛን ያሳምናል።

ብቻውን የሚገዛ ትንሽ ቤት በችርቻሮ ዋጋ ይጎዳል። በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ መንገድ ያሉ ምግብ ቤቶች እንደ እቁብ ገንዘብ አዋጥተው ካኪና ክዳን ያላቸው ዕቃዎችን በጅምላ ቢገዙ የትራንስፖርቱም የዕቃውም ዋጋ ይቀልላቸዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ከተጠቀሙም ቁራሌው በብዛት ስለሚያገኘው በደስታ ይመላለሳል። የወረቀት ዕቃ ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ይሻግታል፤ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከማብሰያው እንፋሎት ርቆ ይቀመጥ።

የደንበኛው ዕቃና የማስያዣ አሠራር

አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ ምግባቸውን በአገልግል ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ተማሪና ሠራተኛ ዛሬም ምሳ ዕቃ ይይዛል። ልማዱ ስላለ ደንበኛ ዕቃውን ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የንጽሕናው ሥርዓት ግን መጠበቅ አለበት። የመጣውን ዕቃ ክፍት አድርገው ይመልከቱ፤ ያልታጠበ ከሆነ በትሕትና ይመልሱለት ወይም በማስያዣ ዕቃ ይስጡት። ዕቃውን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳያሳርፉ ለብቻው በተዘጋጀ ትሪ ላይ አስቀምጠው፣ ጭልፋው የዕቃውን ጠርዝ ሳይነካ ከላይ ይቅዱ፤ ትሪውን በየጊዜው ያጥቡት። ክዳኑን ራሱ ደንበኛው ይክደነው።

የማስያዣው አሠራር ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ለስላሳና ቢራ በሳጥን የሚገዛ ሰው ባዶ ጠርሙስ አስረክቦ ወይም ለጠርሙሱ አስይዞ ነው የሚወስደው። ክዳን ያለው ጠንካራ ሳህን ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ገዝተው፣ የዕቃውን መግዣ ዋጋ የሚስተካከል ገንዘብ ያስይዙ፤ ከመግዣው ዋጋ ካነሰ ዕቃው አይመለስም። በአንድ ሕንፃ ለሚኖሩና በአንድ ግንባታ ቦታ ለሚሠሩ ቋሚ ደንበኞች ይህ አሠራር በጣም ይሠራል። በሞተር ለሚላክ ምግብና ለመንገደኛ ግን አይመችም፤ ለእነሱ ቅጠልና ካኪ ይሻላል። የተመለሰውን ዕቃ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበው፣ በጨርቅ ሳይወለውሉ በአየር ያድርቁት። የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በጭረቱ ውስጥ ቅባትና ጀርም ስለሚይዝ ለቁራሌው ይሰጥ።

በቤት ውስጥ መለየትና ኮምፖስት ማዘጋጀት

ሦስት ማጠራቀሚያ ይበቃል፤ አንድ ጆንያ ለቁራሌው፣ አንድ ባልዲ ለሚበሰብሰው፣ አንድ ደግሞ ለቀረው። በየዳርቻው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለቁራሌው የሚሄደውን ሳህን ለማጠብ አዲስ ውኃ ማባከን አያስፈልግም፤ ዕቃ የታጠበበት የመጨረሻ ውኃ ይበቃዋል። ምግብ የቀረበት ሳህን ጆንያውን ሙሉ ያሸታል፣ ዝንብና አይጥ ይጠራል፣ ቁራሌውም ዋጋ ይቀንስበታል። አስተናጋጆች ከማጠራቀሚያዎቹ አጠገብ ዕቃው ራሱ ተሰቅሎ ቢያዩ ጽሑፍ ከማንበብ በላይ ይረዳቸዋል።

ጓሮ ያለው ሰው ኮምፖስቱን እዚያው ሊያዘጋጅ ይችላል። በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ አንድ ሜትር ያህል ያለው ክምር ሙቀት ይይዛል፤ ከዚያ ያነሰው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከታች ጭራሮ፣ ከላዩ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተቆራረጠ ኮባ፣ ከዚያ ደረቅ ቅጠልና የተቀደደ ካኪ፣ በመጨረሻ ስስ አፈር እየደረደሩ ይከምሩ። ደረቁ ከእርጥቡ ሳይበልጥ ከቀረ ይሸታል። አንድ እፍኝ ወስደው ሲጨምቁት ውኃ ከተንጠባጠበ ደረቅ ነገር ይጨምሩ፤ እጅዎን ካላራሰ ውኃ ይርጩበት። በየሁለት ሳምንቱ ይገልብጡት። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት የበዛበት ወጥ አይግባበት፤ በከተማዋ ዳር ውሻ ብቻ ሳይሆን ጅብም ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። በክረምት ዝናቡ እንዳያርሰው በቆርቆሮ ወይም በሸራ ይሸፈን። ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነጋዴ ከሕንፃው ኮሚቴ ጋር፣ ወይም በሌማት ትሩፋት አትክልት ከሚያለሙ ጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ ባልዲውን በየቀኑ ሊያስረክብ ይችላል፤ በውስጡ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ከተገኘበት ግን ሰዎቹ ሁለተኛ አይቀበሉትምና መለየቱ ላይ መጠንከር ነው።

ቁጥጥርና የቀረው ፌስታል

የደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚጠቅምዎት ደረሰኝ ነው። የመያዣ ግዢ ደረሰኞችን፣ ከሻጩ የተቀበሉትን ማስረጃ፣ ከጽዳት ማኅበሩ ጋር ያለዎትን የክፍያ ካርኒና በመጨረሻ የገዙትን መያዣ ናሙና በአንድ ክላሰር ያኑሩ። ተቆጣጣሪው የሚለው ነገር ግልጽ ካልሆነልዎ የትኛውን የሕግ ወይም የመመሪያ አንቀጽ እንደሚጠቅስ በአክብሮት ጠይቀው ይጻፉት፤ ቅጣት ከተጣለብዎም ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ።

በመጋዘን የቀረ ፌስታል ያለው ሰው ሁለት ስሕተት እንዳይሠራ አደራ እላለሁ። አንደኛው ማቃጠል ነው፤ ጭሱ፣ በተለይ ሌላ ፕላስቲክ ከተቀላቀለበት፣ መርዛማ ነው፤ በሰፈሩ ሕፃናት ሳንባ ውስጥም ይገባል። ሁለተኛው «እስኪያልቅ» እያሉ በድብቅ መጠቀም ወይም ለጉልት ሻጭ በርካሽ ማስተላለፍ ነው፤ መጠቀሙም መሸጡም የተከለከለ ስለሆነ ቅጣቱን ለራስዎ ያስቀራሉ ወይም ከእርስዎ ወደ ደሃዋ ሴት ያሸጋግሩታል። ያልተነካውን ፌስታል በጥቅሉ እንዳለ ይዘው፣ ወደ ወረዳው የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቀርበው ለማን እንደሚያስረክቡ ይጠይቁ፤ ያስረከቡበትንም ወረቀት ከደረሰኞቹ ጋር ያያይዙት።